በማን አራት ሰዓት?

ባሌ አንዷለም የአየር ማረፊያ ባስ ሹፌር ነው። ዳላስና ፎርት ወርዝ መሀል ባለው በዚያ ከተማ በሚያክል ኤርፖርት፣ ሰው መኪናውን ሩቅ ፓርኪንግ ላይ ያቆምና የአንዷለምን ባስ ተሳፍሮ ወደ ተርሚናሉ ይሄዳል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ከዚያ እንደገና ኤ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሲዞር ኖሯል። የዓለምን ሕዝብ ለሽርሽር ሲሸኝ እሱ ራሱ ለሽርሽር አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አገር ቤት ሄዷል፤ ሁለቱንም ለለቅሶ ነው።

ባሱ ውስጥ የተርሚናሉን ስም የሚናገር ማሽን አለ። አንዷለም ግን ማሽን አያምንም፤ ማሽኑ ተናግሮ ሲጨርስ እሱ ደግሞ በራሱ አፍ ይደግመዋል። ተሳፋሪው ሲወርድ ደግሞ «ስትደርሱ ለሰዎቻችሁ ደውሉ» ይላል፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም፣ ሻንጣ ለያዘውም ላልያዘውም። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዷ አሮጊት እጁን ጨብጣው ትወርዳለች። አንተ ሹፌር ነህ ወይስ እናታቸው ብዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ቁጣ ይቀናኛል። እሱ ግን ከመቶ አንዱ ቢደውል ምን ይጎዳል ብሎ ያልፈኛል።

ይህን ጸባይ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሰርካዲስ ናት። እናታቸው ደሴ ላይ ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ አሥራ ስምንት። «እታለም» ነው የሚላት እስከ ዛሬ። ሱዳን ወርዳ ሰው ቤት እየሠራች አስተማረችው። ከሱዳን በስደተኝነት አውስትራሊያ ገባች፤ አርባ ዓመቷን ይዛ ነርሲንግ ተማረችና ሌላው ሰው የማይሄድበት ሰሜኑ ጫፍ ሄዳ ሥራ ያዘች። ከዳርዊን ከተማ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከወንዝ ማዶ ባለች የአገሩ ነባር ሕዝብ መንደር ውስጥ አንዲት ክሊኒክ አለች፤ እዚያ ነው የምትሠራው። አንዷለም ዲቪ ደርሶት ወደ ዳላስ ሲመጣ ሳይገናኙ ቀሩ። እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላ።

በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ላይ ልንሄድ ትኬት ቆርጠን ነበር። ሻንጣው ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ልንበር አምስት ቀን ሲቀረን አውስትራሊያ በኮቪድ የተነሳ በሯን ዘጋች። አንዷለም ሻንጣውን ሳይፈታ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተው፤ እዚያው ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እኔ ልብስ ሳወጣ በእግሬ ገፋ አድርጌው አልፋለሁ እንጂ ፍታው አላልኩትም።

በዚያው ሰሞን ባሱ ባዶውን ይዞር ነበር። ተሳፋሪ የለም፤ ባሱ ግን በሰዓቱ መዞር አለበት። አንዷለም ለባዶ ወንበር «ተርሚናል ዲ» እያለ ይጣራ እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ። እየሳቀ ጀምሮ ሳይጨርሰው ተነስቶ ወጣ።

ነገሩ የከፋው ግን በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰርካዲስ ስትደውል ካሜራውን መክፈት ተወች። የገጠር ኔትወርክ ነው፣ ቪዲዮ አይችልም አለች። ድምጿ ቀጠነ። «ደህና ነኝ» የምትለው ሳትጠየቅ ሆነ። አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አትደውልም፤ ከዚያ ደውላ ተኝቼ ነበር ትላለች። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የምትሠራ ሴት እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከየት አመጣች?

እኛ ሐበሾች ክፉ ወሬ በስልክ አንናገርም። የአንዷለም አባት ሲሞቱ ሦስት ሳምንት ደብቀውታል። አባቴን አገናኙኝ ሲል ገበያ ወጥተዋል ይሉታል፤ በሌላው ቀን ተኝተዋል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አርሊንግተን የሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ላይ ሰባት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቆመው በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው። በሩን ሳልከፍት ገባኝ። ገብተው ተቀመጡና መጀመሪያ የጠየቁት «ቁርስ በልተሃል?» ብለው ነው። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ እንዳይሰማ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዷለም «በልተሃል?» ያለውን ሰው ሁሉ ፊቱን ትክ ብሎ ያየዋል።

ስለዚህ በልቡ የያዘውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አልጋ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ሲገላበጥ ግን አውቀዋለሁ። እታለም ታማለች። ወይ ሞታለች፣ ድምጿን የሚያስመስል ሰው ነው የሚደውለው። እንዲህ እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ሲነግረኝ አፍሮ ነው።

በ2022 የካቲት አገሩ ተከፈተ። ሐምሌ ላይ ሻንጣውን ከቁምሳጥን አወጣንና እኔ፣ እሱና የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ሀሴት ተነሳን። ወደ ተርሚናል ዲ ያደረሰን ሀሩን የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው። አንዷለም በራሱ ባስ ውስጥ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማሽኑን ድምፅ በዝምታ ሰማ። ስንወርድ ሀሩን «ስትደርሱ ለሰዎቻችሁ ደውሉ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። አንዷለም ግን ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ዳርዊን ስንደርስ የጠበቀን ሰው የለም። ይኼ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። ለኛ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጣ ወንድምን ኤርፖርት ወጥቶ አለመቀበል ምን ማለት ነው? አንዷለም አበባ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። ስልኩን ሲከፍት ከሰርካዲስ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ገብቷል። ጮክ ብሎ አነበበልን፦

«አንዱዬ፣ እንኳን በደህና ገባችሁ። እኔን የምትተካው ነርስ ኮቪድ ይዟት ቀረች፤ ክሊኒኩን ጥዬ መውጣት አልችልም። እናንተ አገሩን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ኑ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ወንዙ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ውኃው ዝቅ የሚለው ያኔ ነው፣ እንዳታረፍዱ። ሳትበሉ እንዳትመጡ።»

የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት። ሳትበሉ እንዳትመጡ። እኔም ደንገጥ ብያለሁ፤ ግን ታላቅ እህት ናት፣ ምን ትበል ብዬ አረጋጋሁት።

ሀሴት አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ማሚ፣ ዊች አራት ሰዓት? ሐበሻ ታይም ነው ወይስ ሪል ታይም?»

ሳቅንባት። አባቷ ማን አሁን በሐበሻ ሰዓት ይናገራል ብሎ ዝም አሰኛት። እውነቱን ነው፤ እኛ ዳላስ ውስጥ አማርኛ እናወራለን እንጂ ሰዓታችን የአሜሪካ ነው። በአራት ሰዓት ሥራ ገብቼ ክሎክ ኢን አደርጋለሁ ካልኩ፣ ከሰዓት በኋላ አራት ነው። ማንም አይሳሳትም። በሐበሻ የሚቆጥሩት በቅርቡ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም ሁለት የሐኪም ቀጠሮ ካመለጣቸው በኋላ ይተዋሉ። ሰርካዲስ ግን በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ አማርኛ የሚያወራት ሰው የለም። አማርኛዋ ከደሴ እንደወጣ ነው ያለው፣ ከነሰዓቱ። ይኼ ያን ጊዜ ለአንዳችንም አልታየንም።

እስከ ሐሙስ አገሩን አየን። አገሩ ያምራል። ሐምሌ እዚያ በጋ ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም፣ ሙቀቱም የኛን የቴክሳስ ሐምሌ ለለመደ ቀዝቃዛ ነው ማለት ይቻላል። ዳርዊን የባሕር ዳር ገበያ ላይ ሕዝቡ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ አጨበጨበ። ፀሐይ ስለገባች የሚያጨበጭብ ሰው አይቼ ስለማላውቅ እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ሊችፊልድ የሚባል ፓርክ ሄድን። ምስጥ የሠራው ኩይሳ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል። ከፏፏቴው ሥር ያለው ውኃ እስከ ታችኛው ጠጠር ድረስ ይታያል። ሀሴት ወጥታ እየገባች፣ ገብታ እየወጣች ከንፈሯ እስኪገረጣ ዋኘች። እኔም ከነቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

አንዷለም ከውኃው ዳር ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። ፎቶ አንሳን ስንለው ያነሳናል፤ ሁሉም ፎቶ ላይ ግማሽ ሰው ነው ያለው። አሥራ አራት ዓመት ያለ አንዲት ጭረት የነዳ ሹፌር እዚያ መሪው በቀኝ ሆኖበት፣ መታጠፍ ሲፈልግ ፍሬቻ በማብራት ፈንታ የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳል። ዝናብ በሌለበት አገር መስታወት እየጠረግን ካካዱ የሚባለው ትልቅ ፓርክ ደረስን። ሀሴት በሳቅ ፈረሰች። በሌላ ጊዜ ቢሆን እሱም ይስቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከሎጁ ስንወጣ እንግዳ ተቀባይዋ ወንዙን ልትሻገሩ ከሆነ ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ስለ አዞ ከሚያስጠነቅቁት ወረቀቶች አንዱ መሰለኝና ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ይኼኛው የኔ ነው።

አራት ሰዓት ሩቅ ስለሆነ ረፋዱን ዓለት ላይ የተሳሉ ጥንታዊ ሥዕሎች ስናይ አረፈድን። ዓሣ አለ፣ ካንጋሮ አለ፣ እጃቸውን የዘረጉ ቀጫጭን ሰዎች አሉ። ምሳ ቀረበ። አንዷለም አልበላም። ሳትበሉ እንዳትመጡ ተብሎ የለ ስለው፣ ለዚያ ነው የማልበላው አለኝ። ከበላ የሚመጣውን የተቀበለ መስሎት ነው።

አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ወንዙ ጋ ደረስን። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ማዶ ላይ እንደገና ይወጣል። ውኃው ቡናማ ነው፣ ደግሞም የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ባሕሩ ከታች እየገፋ ወንዙን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ዳር ላይ የተተከለው መለኪያ አንድ ሜትር ከስድሳ ይላል። አዞዎቹ መንገዱ ባለበት ቦታ ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ከፍተው ዓሣ ይጠብቃሉ። ሀሴት አሥራ አንድ ቆጠረች። ከፍ ብሎ በተሠራው መመልከቻ ላይ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል።

ዝቅ ይላል የተባለው ውኃ ይኼ ነው? አንዷለም ከመኪናው ወርዶ ማዶውን ያያል። ማዶ ማንም የለም። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ከሩብ ሆነ። ስልክ አይሠራም። እታለም ቀጠሮ አታፈርስም፣ በሕይወቷ አፍርሳ አታውቅም እያለ ለራሱ ያወራል። እኔ መቆጣት ጀመርኩ፤ ስፈራ እቆጣለሁ። ሂድና ያንን ሰውዬ ጠይቀው አልኩት።

ጺሙ የነጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ መኪናው አጠገብ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። አንዷለም ሄዶ ከማዶ ክሊኒክ ያለችውን ነርስ ያውቃት እንደሆነ፣ ስሟ ሰርካዲስ እንደሆነ ጠየቀው። እኔና ሀሴት ከኋላው ደርሰናል። ሰውዬው ቀና ብሎ አየን። ፊቱ ላይ ማዘን ያለ መሰለኝ።

«ኦ፣ ሰርካዲስ። ሺ ኢዝ ጎን፣ ሜት» አለ።

እኔ አርሊንግተን ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። እዚያ ሰው ሲሞት «ዳይድ» አይባልም። ለቤተሰቡ ስንደውል «ሺ ኢዝ ጎን» ነው የምንለው። ዘጠኝ ዓመት ያልኩት ቃል ነው። አንዷለምም ማታ ማታ ከኔ ሰምቶ ያውቀዋል።

እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እኔ ነኝ የጮኽኩት፤ በአካል አይቻት የማላውቃትን ሴት እትዬ ሰርካዲስ፣ እትዬ ሰርካዲስ እያልኩ አለቀስኩ። መመልከቻው ላይ ያሉት ሰዎች ካሜራቸውን ከአዞው ወደኛ ሲያዞሩ ይታየኛል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጥሎ ተነሳ፣ ያደረገውን አላወቀም።

ሀሴት ብቻ ናት ቆማ የቀረችው። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ መርዶ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሰውዬውን ቀና ብላ አየችው።

«ጎን ዌር?» አለችው፤ የት ሄደች ማለቷ ነው።

ወደ ቤቷ ነዋ አላት። ጠዋት በአሥር ሰዓት መጥታ ማዶ ቆማ እንግዶቿን ስትጠብቅ ነበር፤ ውኃው እስኪሞላ ጠብቃ፣ ተናዳ ተመለሰች። ጥቁር ቤተሰብ ከመጣ ወደ ቤቷ መሄዷን ንገርልኝ ብላኛለች አለ። መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ስላለው ከክሊኒኩ መኪና ጋር ይገናኛል፤ እጠራታለሁ አለና ሮጠ። ምስኪን፣ ከኛ ይልቅ እሱ ደንግጦ ነበር።

አንዷለም የሰማ አልመሰለኝም። ጆሮው ላይ ጮኼ ነገርኩት። አንስቼ አቆምኩት። አሥር ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ግን ለእኔም ገና አልገባኝም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከማዶ አቧራ ተነሳ። አንዲት ነጭ መኪና እየከነፈች መጥታ ውኃው አፍ ላይ ቆመች። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች አጭር ሴት ወረደች። በዚያች ሰዓት ውኃው ሞልቶ ጨርሶ ረግቷል፤ ወንዙ ጸጥ ብሏል። መቶ ሜትር ላይ ያለ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«አንተ!» አለች። «በአራት ሰዓት አላልኩህም?»

«ይኸው በአራት መጣሁ እታለም!» አለ አንዷለም፣ በለቅሶና በሳቅ መሀል።

«በማን አራት? በሐበሻ ነው እንጂ ያልኩህ! ከመቼ ወዲህ ነው ፈረንጅ የሆንከው? ደግሞ ከውኃው ዳር ራቅ በል፣ አዞው አይታይህም?»

አንዷለም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሆዱን ይዞ እየሳቀ እንባውን በሸሚዙ እጅጌ ይጠርጋል። ወደኔ ዞሮ «እንዲህ የምትቆጣ ሴት አትሞትም» አለኝ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው በዓይኔ ያየሁት። ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ተፈታ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁት ባሌ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ወረቀት ከቦርሳዬ ያወጣሁት። ውኃው ዝቅ የሚለው ከጠዋቱ አሥር ላይ ነው፤ የሚሞላው ከሰዓት አራት አካባቢ። ባሕር ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓትም የሚለያዩት በስድስት ነው። በሌላ ነገር ብንሳሳት ውኃው ግማሽ ላይ እንደርስ ነበር። የኛ ስህተት ግን ልክ ሙላቱ ላይ ነው የጣለን። ሀሴት «አይ ቶልድ ዩ» ለማለት አፏን ስትከፍት አየሁና በዓይኔ መለስኳት።

ዓሣ አጥማጁ ሬዲዮውን ለአንዷለም ሰጠው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ወንድምና እህት ወንዝ መሀላቸው አድርገው፣ በዓይን እየተያዩ በሬዲዮ አወሩ። በዚያ አካባቢ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ሁለት የደሴ ሰዎች ሲነታረኩ ሰምቷል። ሳትበሉ አትምጡ ያልሽው ለምንድን ነው አላት። እዚህ ማዶ ሱቁ ሐሙስ ዝግ ስለሆነ ነዋ አለችው። በጨለማ ማንም ስለማይሻገር ለነገ ቀጠሩ፤ ውኃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚዘገይ አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ነው አለች። «በኛ» ብላ ጨመረች።

ያን ማታ አንዷለም የሁለት ሰው እራት በላ። ከዚያ ተኝቶ እስኪነጋ አልተገላበጠም።

በማግስቱ ውኃው ወርዶ መንገዱ ብቅ ብሎ ነበር፤ ግማሽ ጎማ የሚደርስ ብቻ ቀርቷል። አንዷለም መሪውን ይዞ ቀስ እያለ ገባ። መሀል ላይ ስንደርስ በዚያ በባስ ድምፁ «ኔክስት ስቶፕ፣ እታለም» ብሎ ለፈፈ። ሀሴት ከኋላ አጨበጨበች።

ሲተቃቀፉ ዞር አልኩ። ረጅም ጊዜ ነው የተቃቀፉት። ፊቴን ስመልስ ባርኔጣዋ ከራሷ ወድቋል። ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ አጭር ነው፣ ለስላሳ፣ ሽበት የወረረው፣ ገና የበቀለ ፀጉር። አንዷለም አየው። እኔም አየሁት፤ በሥራዬ እንዲህ ያለ ፀጉር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ባርኔጣውን ከመሬት አንስቼ ሰጠኋት።

የነገረችን ቤቷ በረንዳ ላይ፣ ምግብ ቀርቦ ከተበላ በኋላ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ዳርዊን ወስደው ቀዶ ጥገና አደረጉላት፤ ከዚያ ስድስት ወር መድኃኒት ወሰደች። ፀጉሯ ሲረግፍ ነው ካሜራውን የዘጋችው። አሁን ድናለች። የመጨረሻው ምርመራ ምንም አላገኘም። በየስድስት ወሩ ግን ትታያለች፤ የሚቀጥለው ኅዳር ላይ ነው።

«ብነግርህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው። «አገሩ ዝግ ነው። እዚያ ቁጭ ብለህ ልትቃጠል?»

አንዷለም አልተቆጣም። እጇን ይዞ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ሳትነግሪኝም ተቃጥያለሁ። ለቅሶሽን ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተቀምጫለሁ፣ እታለም። አሁን ጨርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ክፉም ይሁን ደግ ንገሪኝ። ካሜራውን ከፍተሽ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁሉንም ብቻዋን የቻለች ሴት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እሺ አለችው።

የቀረን ሳምንት እውነተኛ ሽርሽር ነበር። ተተኪዋ ነርስ ድና ስለመጣች ሰርካዲስ ፈቃድ ወስዳ ከኛ ጋር ዞረች። ወደ ደቡብ ወርደን ሞቃት ምንጭ ውስጥ ተዘፈዘፍን፤ አንዷለም ሸሚዙን አውልቆ ገባና አልወጣም አለ። የሰርካዲስ ጎረቤቶች ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው እሳት ላይ ሲጠብሱ ሀሴትን አስተማሯት። ፎቶዎቹ ላይ ሰዎቹ ሁሉ ሙሉ ሆኑ። እሱም ቢሆን የዝናብ መጥረጊያውን ማስነሳቱን አልተወም፤ አሁን ግን ከሁላችን ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው።

ዳላስ ተመልሰን ኑሮው ቀጠለ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ። ኅዳር ሲገባ አንዷለም ሌሊት መገላበጥ ጀመረ። ይታወቀኛል፣ ግን እንደ በፊቱ አይደለም፤ አሁን የሚጠብቀውን ያውቀዋል። አንድ ሰኞ መልእክት መጣ፦ «ነገ ውጤት እሰማለሁ። እንደሰማሁ በአሥራ ሁለት ሰዓት እደውላለሁ።»

አንዷለም አንዲት ቃል መለሰ፦ «በማን?»

ወዲያው መለሰችለት፦ «በኛ። ዳላስ ሲመሽ።»

ማክሰኞ ከሥራ መጥቶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን ጨው ዕቃው ላይ አስደግፎ ትክ ብሎ ያየዋል። እራት ላቅርብ ስለው ቆይ አለኝ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሀሴት ከክፍሏ ወጥታ ከኋላችን ቆመች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ሲል፣ በኛ አሥራ ሁለት ሲሆን፣ ስልኩ ጠራ። አንዷለም ብድግ አድርጎ ያዘው። ካሜራው ተከፍቷል። ፀጉሯ ጆሮዋን ሸፍኗል።

«ንጹሕ ነኝ» አለች። «አሁን ስልኩን ዝቅ አድርገው አንተ፣ ግንባርህን ብቻ ነው የማየው።»

እያለቀሰ ዝቅ አደረገላት።